«ቀናተኛ አምላክ» ስለሚለው ቃል

ዘጸ. 20፥5፤ ዘጸ. 34፥14፤ ዘካ. 8፥2-5



ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ እሑድ ዐሥርቱን ትእዛዛት ከመሠዊያው ፊት ካነበብሁ በኋላ፥ ምእመናኑ ተሰናብተው ሲወጡ አንዲት እናት ሕፃኗን አዝላ በበሩ አጠገብ ቆየችኝ። ሰዎቹ እስኪያልፉ ድረስ አንገቷን ደፍታ ጠበቀች፤ ከዚያም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፥ «ቄስ፥ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ አይቆጡኝ። ዛሬ ያነበቡት እግዚአብሔር ቀናተኛ ነው ይላል። የኔም ባል ቀናተኛ ነው። እግዚአብሔርም እንደሱ ነው?» አለችኝ።

የዚህችን እናት ቤት አውቀው ነበር። ባልዋ ከገበያ ብትዘገይ የሚመረምራት፥ ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ ከሩቅ የሚከተላት፥ ከገዛ ወንድሞቿ ጋር ስትጫወት ፊቱ የሚጠቁር ሰው ነበረ። እጁንም እንደሚያነሣባት ጎረቤቱ ሁሉ ያውቅ ነበር፤ እኔም አውቅ ነበር። ነገር ግን የባልና የሚስት ነገር ነው ብዬ ዝም ብዬ ነበር። በዚያም ቀን በሴሚናር የተማርሁትን መልስ ሰጠኋት። «የእግዚአብሔር ቅናት ቅዱስ ነው፤ የሰው ቅናት ግን ከኀጢአት ጋር የተደባለቀ ነው፤ ሁለቱን አታመሳስዪ» አልኋት። በመልሱ ውስጥ ስሕተት የለበትም። እርስዋ ግን «እሺ» ብላ ሄደች፤ ከዚያ ወዲህ ሁለት ወር ያህል በቅዱስ ቍርባን ማዕድ ፊት አላየኋትም።

ያን ጊዜ የተቸገርሁበትን ነገር ዛሬ ለአንባቢዎች ማቅረቤ፥ ይህ ጥያቄ በብዙ ቤት ውስጥ ሳይጠየቅ እንደሚኖር ስለማምን ነው።

አስቀድመን ቃሉን እንመርምር። በቋንቋችን «ቅናት» የሚለው ቃል ሁለት ፊት አለው። ጎረቤቱ የገዛውን በሬ አይቶ ዐይኑ የሚቀላውን ሰው ቀና እንለዋለን፤ ስለ ቤተ ክርስቲያን ሥራ እንቅልፍ የሚያጣውንም ሰው መንፈሳዊ ቅናት አለው እንለዋለን። በግዕዝ «ቅንአት» የሚባለው ይህ ቃል፥ በዕብራይስጥ መጽሐፍ ቅዱስ ስለ እግዚአብሔር ከተነገረው ቃል ጋር አንድ ሥር ያለው ነው። ስለዚህ በዚህ ቋንቋ የምንጸልይ ሰዎች በዚህ ነገር ከብዙ ሕዝቦች ይልቅ ለመጽሐፉ ቃል እንቀርባለን። ይሁን እንጂ ይህ ቅርበት እንደሚረዳን ሁሉ ያሰናክለናልም፤ ቃሉን በሰማን ጊዜ ቀድሞ ወደ አሳባችን የሚመጣው በቤታችንና በጎረቤታችን የምናውቀው ቅናት ነውና።

ሌላም ቃል አለን፤ እርሱም ምቀኝነት ነው። ምቀኛ የሌላውን ሰው ሀብት ይመኛል፤ ለራሱ ባያገኘው እንኳ ከባለቤቱ እጅ ቢጠፋ ደስ ይለዋል። ቀናተኛ ግን የራሱ የሆነውን እንዳይወሰድበት ይጠብቃል። እግዚአብሔር ምቀኛ ነው የሚል ቃል በመጽሐፍ የተናገረ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም እባብ ነው። በገነት ሔዋንን ያሳታት እግዚአብሔርን ምቀኛ አስመስሎ ነው፤ ዐይናችሁ እንዳይከፈት፥ እንደ እርሱም እንዳትሆኑ ፈርቶ ከለከላችሁ ያለ ያህል ነው (ዘፍ. 3፥5)። ምድርና በእርስዋ ያለው ሁሉ የእርሱ የሆነ አምላክ በማን ላይ ይመቀኛል? በዕብራይስጡ መጽሐፍ «ቀናተኛ» ተብሎ የተተረጐመው ቅጽል ለሰው አንድ ጊዜ እንኳ አልተነገረም፤ ለእግዚአብሔር ብቻ የተለየ ቃል ነው። ሰው ቀና ይባላል፤ ይህ ቅጽል ግን ስም ሆኖ አልተሰጠውም። ይህን የተረዳሁት በመጽሐፍ ቤቴ ተቀምጬ ነው፤ ያችን እናት ግን ይህ ብቻውን አያጽናናትም ነበር።

በዚህ ቃል የተሰናከለች እርስዋ ብቻ አይደለችም። ማርቅዮን የተባለው መምህር የብሉይ ኪዳን አምላክ ሌላ ነው፥ የጌታችን የኢየሱስ ክርስቶስ አባት ሌላ ነው ብሎ አስተማረ፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ144 ዓ.ም. ገደማ የሮሜ ምእመናን ከማኅበራቸው ለዩት። ዛሬም ስሙን ሳያውቁ በማርቅዮን መንገድ የምንሄድ ሰባኪዎች አለን፤ በንባብ ከዚህ ቁጥር ላይ ስንደርስ ድምፃችንን አፍጥነን እናልፋለን፥ በስብከትም አንነካውም። ማርቲን ሉተር ግን በ1529 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ትንሹን ካቴኪዝም ለልጆችና ለቤተ ሰብ አባቶች በጻፈ ጊዜ፥ ይህን ቁጥር አልሸሸገውም፤ የዐሥርቱ ትእዛዛት ሁሉ መደምደሚያ አድርጎ አኖረው። ልጆቻችን ለቅዱስ ቍርባን ሲዘጋጁ በቃላቸው ያጠኑታል። እንግዲህ ልጆች የሚያጠኑትን ነገር ቄሱ ሊሸሸው አይገባም።

ይህ ስም የተነገረበትን ሰዓት እንመልከት። በዘጸአት ምዕራፍ 34 ላይ የምናነበው፥ ሕዝቡ በሲና ተራራ ግርጌ የወርቅ ጥጃ ከሠራ በኋላ የሆነውን ነው። ሙሴ በተራራው ላይ 40 ቀን ቈየ፤ ኪዳኑ ገና ትኩስ ነበር። በሠርጉ ድንኳን ውስጥ ሙሽራይቱ ለሌላ ሰው እጅዋን እንደ ሰጠች ያህል ነው። የድንጋዩም ጽላት ተሰበረ። በሰው ልማድ ቢሆን ነገሩ በዚህ ያበቃ ነበር፤ ሽማግሌ ይጠራል፥ ንብረት ይካፈላል፥ ሁሉም በየመንገዱ ይሄዳል። እግዚአብሔር ግን ሙሴን ሁለተኛ ጽላት እንዲጠርብ አዘዘው። በዚያም ተራራ መሓሪ፥ ይቅር ባይ፥ ለቍጣም የዘገየ መሆኑን ገለጠ (ቁ. 6)፤ ከስምንት ቁጥር በኋላም ስሙ ቀናተኛ እንደ ሆነ ነገረው (ቁ. 14)። ሁለቱ ስሞች በአንድ ምዕራፍና በአንድ ተራራ የተሰጡ ናቸው፤ አንዱን ወስደን ሁለተኛውን ልንተው አንችልም። ግድ የማይሰጠው አምላክ ቢሆን ኖሮ፥ ከጥጃቸው ጋር በምድረ በዳ በተዋቸው ነበር። የማይቀና አምላክ የሚያሳዝነን አምላክ ነው፤ ብንሄድም ብንቀርም ለእርሱ አንድ ነውና።

ይሁን እንጂ ጥያቄው ገና አልተመለሰም። ያ ባልም «ስለምወዳት ነው» ይላልና።

የሰው ቅናት ከምን ይወለዳል? ከፍርሃት ይወለዳል። ሰው እንዳይተዉት ይፈራል፥ በሰው ፊት እንዳያፍር ይፈራል፥ ብቻውን ከቀረ ምንም እንዳይሆን ይፈራል። ስለዚህ የያዘውን ነገር አጥብቆ ይጨብጣል፤ እጁም ውስጥ ያለው ነገር ይደቅቃል። እግዚአብሔር ግን የሚፈራው ነገር የለም፤ ቢራብ እንኳ ለእኛ እንደማይነግረን በመዝሙር 50 ተናግሮአል፤ የዱር አራዊትና በብዙ ተራራ ላይ ያሉ እንስሳት ሁሉ የእርሱ ናቸው። እኛ ብንተወው እርሱ አይጐድልም። እንግዲህ የሚቀናው ስለ ማን ነው? ስለ ራሱ ጕድለት ካልሆነ፥ ስለ እኛ ጥፋት ነው ማለት ነው።

በነቢዩ በዘካርያስ ምዕራፍ 8 ላይ እግዚአብሔር ስለ ጽዮን በታላቅ ቅናት እንደ ቀና ይናገራል። ሕዝቡ ከምርኰ ተመልሶ በፈረሰች ከተማ ይኖር ነበር። ይህን ቃል የሰማ ሰው እሳትና ሰይፍ ይከተላል ብሎ ይጠብቃል። የሚከተለው ግን ምንድን ነው? ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ከዕድሜያቸው ብዛት የተነሣ ምርኵዛቸውን ይዘው በኢየሩሳሌም አደባባይ ይቀመጣሉ፤ መንገዶችዋም በሚጫወቱ ወንዶችና ሴቶች ልጆች ይሞላሉ። ይህን ስፍራ ደግሜ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ቀናተኛ ባል ወደ ቤቱ ሲገባ ልጆች ጨዋታቸውን ትተው ወደ ማእዘን ይሸሻሉ፤ እናታቸውም ድስቱን እያማሰለች እግሩን ታዳምጣለች። የእግዚአብሔር ቅናት ግን ወደ ከተማ በገባ ጊዜ ልጆች ወደ መንገድ ወጥተው ይጫወታሉ። ሁለቱን ቅናቶች ለመለየት ከዚህ የሚሻል ምልክት አላገኘሁም።

ሌሎች አማልክት የሚሠሩትንም ከዚህ ጋር እናስተያይ። በደጋው ያደግን ሰዎች ዛር፥ ቆሌና አድባር ምን እንደሚጠይቁ እናውቃለን። ዘንድሮ ቀይ ዶሮ ይላሉ፥ ለከርሞ ጥቁር በግ ይላሉ፤ ጨሌው በዕቃ ቤት ተቀምጦ የቤቱን እህል ይበላል። ልጅ በታመመ ጊዜ በቀን ወደ ጸሎት ቤት መጥቶ እጃችንን እንድንጭንበት የለመነ፥ በሌሊት ደግሞ የእርሻ በሬውን ሸጦ ወደ ጠንቋይ ቤት የሄደ ሰው አውቃለሁ። ይህን ሰው በፍርሃቱ ልንስቅበት አይገባም፤ ልጁ የታመመበት አባት ነው። በሬው ግን ሄደ፤ በሚቀጥለውም ክረምት መሬቱ ሳይታረስ ቀረ። በኤርምያስ ዘመን ደግሞ በሄኖም ሸለቆ የሚቃጠሉት የገዛ ልጆቻቸው ነበሩ (ኤር. 7፥31)። እግዚአብሔር በዚህ ነገር ባይቀና ኖሮ ምን ዐይነት አባት በሆነ ነበር? ጣዖት ሰውን ይበላል፤ የእግዚአብሔር ቅናት ከሚበላን ነገር አፍ ሊነጥቀን የሚመጣ እጅ ነው። እጁ ሲነጥቀን ያመናል፤ ይህን አልክድም።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ያች እናት ከማዕድ በቀረች በሁለተኛው ወር ወደ አባትዋ ቤት እንደ ሄደች ሰማሁ። ሁለት ሽማግሌዎች ይዤ ወደ ባልዋ ሄድሁ። በአክብሮት ተቀበለን፤ ቡናም አስፈላልን። ስለ ጭካኔው በተናገርነው ጊዜ ግን መጽሐፍ ቅዱሱን ከመደርደሪያው አውርዶ፥ «ቄስ፥ እርስዎ ራስዎ ያነበቡት ነው። እግዚአብሔር ስለ ሕዝቡ ይቀናል፤ እኔ ስለ ሚስቴ ብቀና ኀጢአቱ ምን ላይ ነው?» አለኝ። ሽማግሌዎቹ ወደ እኔ ተመለከቱ።

እንዲህ ብዬ መለስሁለት። «ወንድሜ፥ አንተ በመጀመሪያው ትእዛዝ በእግዚአብሔር ወገን የቆምህ ይመስልሃል፤ ነገር ግን ትእዛዙ የተነገረው ለአንተ ነው፤ በአንተም ተጥሶአል።» ሉተር በትልቁ ካቴኪዝም እንደሚያስተምረው፥ የሰው ልብ የሚንጠለጠልበትና የሚታመንበት ነገር በእውነት አምላኩ ያ ነው። ይህ ሰው ልቡን ያንጠለጠለው በሚስቱ ታማኝነትና በገዛ ክብሩ ላይ ነበር፤ ይህን ካጣ ሕይወት የለኝም ብሎ ያምን ነበር። ሚስቱንም በአንድ በኩል ጣዖት፥ በሌላ በኩል እስረኛ አደረጋት፤ እግዚአብሔር ብቻ ሊሰጥ የሚችለውን ዕረፍት ከእርስዋ ፈለገ፥ ልትሰጠውም ባለመቻልዋ መታት። ከሁሉ በላይ እግዚአብሔርን የሚፈራ፥ የሚወድና የሚታመን ሰው ሚስቱን በበር ላይ ቆሞ መጠበቅ አያስፈልገውም። ልቡ በሌላ ስፍራ ዐርፎአልና እጁን ሊፈታ ይችላል። ይህን ባልና ሚስትን ብቻ የሚነካ ነገር አድርጋችሁ አትዩት፤ ልጁን በማግባትና በትምህርት ጕዳይ የሚያስጨንቅ አባት፥ ጉባኤውን የግል ርስቱ ያደረገ አገልጋይ፥ በአንድ ማዕድ እየቈረሰ ወንድሙን በዘሩ የሚለይ ክርስቲያን፥ ሁላቸው ከዚህ የራቁ አይደሉም።

ባልየው ዝም አለ። እኔ ግን ይህን ስናገር ሌላ ነገር በልቤ ገባ፤ እርሱንም ካልጻፍሁ ይህ ጽሑፍ ውሸት ይሆናል። ይህ ሰው የጸሎት ቤታችን ጣራ ሲሠራ ከሁሉ ይልቅ ብዙ ቆርቆሮ የሰጠ ሰው ነበር። ስለ ቤቱ ነገር ዓመታት ሙሉ ዝም ያልሁት፥ የባልና የሚስት ነገር ነው ብዬ ብቻ አልነበረም። ጣራው ገና አላለቀም ነበር። ስለዚህ እኔም በመጀመሪያው ትእዛዝ ላይ ቆሜ ሌላውን ስመክር፥ ልቤ በቆርቆሮ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። በሁለት ቢላዋ የሚበላ ሰው ነው ብለን ሌላውን እንሰድባለን፤ እኔም በመሠዊያው ፊት ቆሜ እንዲሁ እበላ ነበር። ይህን በዚያው ቀን በሽማግሌዎቹ ፊት ተናዘዝሁ፤ በኋላም ለእርስዋ።

አንድ ከባድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። በነቢዩ በሕዝቅኤል ምዕራፍ 16 ላይ የእግዚአብሔር ቅናት ሲነገር፥ ያመነዘረችው ሚስት ስለሚደርስባት ቅጣት የሚያስደነግጥ ቃል ተጽፎአል። በዚያ ምሳሌ ሚስቲቱ የኢየሩሳሌም ከተማ ናት፤ የይሁዳ ወንዶች ሁሉ፥ ካህናቱና መሳፍንቱም ጭምር፥ በሚስቲቱ ቦታ ቆመው ተወቅሰዋል። ባል የሆነ ሰው ይህን ሲያነብ ራሱን በእግዚአብሔር ወንበር ላይ ቢያስቀምጥ፥ መጽሐፉን በግልባጩ ይዞታል ማለት ነው። ለባሎች የተሰጠው ምሳሌ ሌላ ነው፤ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን የወደደበት፥ ስለ እርስዋም ራሱን አሳልፎ የሰጠበት ፍቅር ነው (ኤፌ. 5፥25)።

የእግዚአብሔር ቅናት መጨረሻው በዚህ ይታያል። ሆሴዕ የሄደችበትን ሚስቱን 15 ብርና ገብስ ከፍሎ ገዛት (ሆሴ. 3፥2)፤ የራሱ የሆነችውን በገንዘቡ መለሳት። ጌታችን የአባቱ ቤት ቅናት እንደሚበላው ስለ እርሱ የተጻፈውን ደቀ መዛሙርቱ ያሰቡት ነጋዴዎችን ከመቅደስ ባስወጣ ቀን ነው (ዮሐ. 2፥17)። ቅናቱ በእውነትም በላው፤ የበላው ግን ነጋዴዎቹን አልነበረም፤ እርሱን ራሱን ነው። በሰው ቤት ቀናተኛው ይመታል፥ የተጠረጠረችው ትደማለች። በጎልጎታ ግን በደለኛይቱ በሕይወት ቀረች፥ የቀናው ደማ። ይህን ልዩነት በመጀመሪያው እሑድ ልነግራት በተገባኝ ነበር።

ስለ ሙሉ ልብ ደግሞ ጥቂት ልበል። እግዚአብሔር ልባችንን ሙሉ በሙሉ ሲጠይቅ፥ ለሌላ ለማንም ፍቅር አይተርፍም ብለን እንፈራለን። ነገር ግን በቋንቋችን «ልበ ሙሉ» የምንለው የማይፈራውን ሰው ነው፤ ልቡ የተከፈለ ሰው ሁለት ጌቶችን ስለሚፈራ ፍርሃቱ እጥፍ ይሆናል። በኢትዮጵያ በ1966 ዓ.ም. «ኢትዮጵያ ትቅደም» ተባለ። አገርን መውደድ መልካም ነው፤ የሚቀድመው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ግን የመጀመሪያው ትእዛዝ ጥያቄ ነው። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከአገር የሚወጡበት መንገድ ቀርቦላቸው ነበር፤ መንጋውን ትተው አልወጡም። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በኡራኤል ጉባኤ አገልግለው ሲወጡ ተወሰዱ፥ ተገደሉም፤ ዐፅማቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳም ብዙ ሥቃይ ተቀብለው ወደ 10 ዓመት ገደማ በእስር ቈዩ። እነዚህ ሰዎች እግዚአብሔርን ስላስቀደሙ ሕዝባቸውን መውደድ አልቀነሱም፤ ይልቁንም ስለ ሕዝባቸው ብለው የቀሩት ልባቸው ስላልተከፈለ ነው።

ያች እናት አሁንም በአባትዋ ቤት ትኖራለች። ባልዋ ከሽማግሌዎች ጋር መነጋገሩን አላቆመም፤ እጁን እንደማያነሣ በቃል ብቻ ሳይሆን በዘመን እስኪታይ ድረስ ግን እንድትመለስ አላስገደድናትም፤ በዚህ ምክንያት ከጉባኤው ያዘኑብን ሰዎች አሉ። የጣራው አንድ ወገን እስከ ዛሬ በሣር ክዳን ነው።

ወደ ማዕድ በተመለሰች እሑድ፥ የዘካርያስን ምዕራፍ ከእርስዋ ጋር ቁጭ ብለን አነበብን። ስለ ልጆቹ ጨዋታ የሚናገረውን ሁለት ጊዜ እንዳነበው ጠየቀችኝ። ከዚያም ጥቂት ዝም ብላ፥ «ገባኝ፥ ቄስ፤ ነገር ግን ስጸልይ በዚያ ስም ልጠራው ገና አልደፍርም። አባት ሆይ እያልሁ ብቻ ብጸልይ ኀጢአት ይሆንብኛል?» አለችኝ።

ጌታ ራሱ ያስተማረው ጸሎት በዚያ ቃል እንደሚጀምር ነገርኋት።